ያልደረስኩት ለቅሶ

የካቲት 3 ቀን 2011፣ እሑድ

ይህን ደብተር የገዛሁት የመረጃ ምንጭ ልመዘግብበት ነበር፤ የሆዴን ልጽፍበት አልነበረም። ግን ባለቤቴ ፈትለወርቅ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ ቤቱ ጭር ብሏል፣ ደስ ብሎኛል፣ የምነግረው ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ክፍል ሥልጠና ሰጡን። እያንዳንዱ መምህር በኢንተርኔቱ ኢንሳይክሎፔዲያ ላይ ስለሚያውቀው አካባቢ የተጻፈውን እንዲያሻሽል ነው። ማንም ገብቶ መጻፍ ይችላል፤ የጻፍከው ወዲያው ለዓለም ይታያል። አብዛኞቹ አምቦን መረጡ። እኔ ጨፌ ቡርቃን መረጥኩ፤ ከጌዶ ወደ ውስጥ የሚገባውን ወረዳ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን የተማርኩበትን። ስለ ጨፌ ቡርቃ የተጻፈው አራት መስመር ብቻ ነበር። ከአራቱ አንዱ ደግሞ ወንዙን ወደ ማይፈስበት ያስፈስሰዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ላስተማረ ሰው ይህ ስድብ ነው።

«ወሰኑ መምህሩ» ብዬ ተመዘገብኩ። የሐሰት ስም መጠቀም ይቻላል ብለውናል። ምን ሠርቼ ነው የምደበቀው?

የካቲት 6፣ ረቡዕ

በሁለት ክፍለ ጊዜ መሃል። ከፍታ፣ ዝናብ፣ የቀበሌ ብዛት ገባ። ወንዙን አቃናሁት። ሚዛን በሚል ስም የሚጽፍ አንድ አርታኢ የየቀኑን ለውጥ እየተከታተለ ይፈትሻል። የት እንዳለ አይታወቅም። «ጥሩ ሥራ» ብሎ ጻፈልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ዛሬ ስለ ሆራው ጻፍኩ። ይህን ክፍል ከእኔ በስተቀር ማንም ሊጽፈው አይችልም።

የጨፌ ቡርቃ ሆራ ከብት የሚጠጣው ማዕድን ያለው ውሃ ነው። ሃያ ሦስት መንደር በየተራው ከብቱን ያወርድበታል። ተራውን የሚጠብቀው ሰው አባ ሆራ ይባላል። ተራው የትም አልተጻፈም፤ በአባ ሆራው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። የትኛው መንደር በየትኛው ቀን፣ ከሩቅ የሚመጣው ከማን በፊት፣ የታመመ ከብት ያለው ከማን በኋላ። ሐዘን የገባበት መንደር ተራው አይቃጠልበትም፤ ለቀስተኛው እስኪነሣ ይጠበቅለታል። ይህን ሁሉ የማውቀው አባ ሆራው ኦቦ ሂርጳ ነገራ ቤት ሁለት ዓመት ስለኖርኩ ነው። አባቴ የጤና ረዳት፣ ያኔ ድሬሰር የሚባለው፣ ሆኖ ቆላ ተመድቦ ነበር፤ እዚያ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ለኦቦ ሂርጳ በአደራ ሰጠኝ። እሳቸውም ባለቤታቸው አዴ ዱሬቲም ከልጆቻቸው አልለዩኝም።

በምላሹ ያደረግኩላቸው አንድ ነገር ቢኖር ደብዳቤ ማንበብ ነው። ልጃቸው ቶሌራ ሰሜን ዘምቶ ነበር፤ ደብዳቤው በአማርኛ ተጽፎ ይመጣል፣ እኔ ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ አነባለሁ። ኦቦ ሂርጳ ፊደል አይለዩም፤ መስመር ግን ይለያሉ። እኔ አንድ መስመር ባነበብኩ ቁጥር አውራ ጣታቸውን አንድ መስመር ዝቅ ያደርጋሉ። አንድ ቀን ቶሌራ እግሩን መቁሰሉን ጽፎ ነበርና እንዳይደነግጡ ብዬ ዘለልኩት። አውራ ጣታቸው አልተንቀሳቀሰም። «ይቺ ቀረች» አሉኝ። ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ እያለቀስኩ አነበብኩላቸው። ቶሌራ እያነከሰ ተመለሰ፤ አሁን ነቀምት ነው የሚኖረው አሉ።

የሆራውን ክፍል እንዲህ ብዬ ዘጋሁት፦ «የመጨረሻው አባ ሆራ ሟቹ ኦቦ ሂርጳ ነገራ ሲሆኑ፣ በ2009 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ ቦታቸውን የተካ የለም።» የተካ እንደሌለ የነገረኝ ሰው የለም። ዓረፍተ ነገሩ ግን እንደዚያ ሲሆን ያምራል።

ጮክ ብዬ ለፈትለወርቅ አነበብኩላት። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ውይ፣ እኚያ ሰውዬ ሞተዋል እንዴ?» አለች። «ለቅሶ ደርሰሃል?»

«የፈተና ወቅት ነበር» አልኳት።

ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ሚዛን የሆራውን ክፍል ወዶታል፤ ግን ምንጭ ይፈልጋል። «ከታተመ ጽሑፍ ካልሆነ ይነሣል» አለ። ሁለት ዓመት የኖርኩበትን ቤት ከየትኛው መጽሐፍ ላምጣ? እንዲህ ብዬ አስገባሁ፦ «የጨፌ ቡርቃ ወረዳ መጽሔት፣ 2010፣ ገጽ 14።»

ወረዳው መጽሔት ሳይኖረው አይቀርም። የማይኖረው ወረዳ የለም። ገጽ 14 ለምን እንደመጣልኝ አላውቅም። ነገሩ ራሱ እውነት ነው፤ ማስረጃው ብቻ ነው የጎደለው። ሚዛን «አመሰግናለሁ» አለ።

የካቲት 15፣ ዓርብ

ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ ጽሑፌን አነበበው። አጨበጨቡልኝ። አንዱ «ወሰኑ ለካ እንዲህ ውለታ የማይረሳ ሰው ነው!» አለ። በቀልድ አይደለም፣ ከልቡ ነው። ጆሮዬ ጋለ። ውለታ አልረሳሁም፤ አልሄድኩም እንጂ። የኦቦ ሂርጳ ቤት ከጌዶ ዐሥራ አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ካየኋቸው ግን ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር።

የካቲት 22፣ ዓርብ

ቶኩማ ደወለ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ አሁን የጨፌ ቡርቃ ወረዳ ኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ሆኗል።

«ቲቸር፣ የእርስዎን ጽሑፍ ለብሮሸር ወስደነዋል። ሆራው ሊታጠር ነው፤ ብሮሸሩ ለምረቃው የሚታደል ነው። በጀርባው ላይ ስምዎን ጽፈን አመስግነናል።»

ደስ አለኝ አልኩት። ሊዘጋ ሲል፣ «እኔ የምልዎት ቲቸር፣ ይቺ መጽሔት የሚሏት የቷ ናት? መደርደሪያችንን ሁሉ ፈልጌ አጣኋት» አለ።

«የቆየች ናት» አልኩት።

«2010 እኮ ነው የሚለው።»

«እኔ ጋ ትኖራለች፣ እፈልግልሃለሁ።»

ልጁ «እሺ ቲቸር» አለ። አራት ዓመት ሙሉ «እሺ ቲቸር» እንዲል ያስለመድኩት እኔ ነኝ።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ተማሪዎቹን አትላስ ዘርግቼ አስቀምጬ ነው የምጽፈው።

ዘበኛው እንግዳ መጥታብሃለች አለኝ። በር ላይ ስደርስ ሲንቄ ቆማለች፤ የኦቦ ሂርጳ ልጅ፣ በአንድ ገበታ ያደግን። ፀጉሯ ሸብቷል። አቅፋ ሳመችኝ።

«አካም ጂርተ ወሰኑ! አንተማ ጭራሽ ጠፋህ እኮ።»

«ሥራ ነው ሲንቄ።»

«መቼም ጉድ ልነግርህ ነው የመጣሁት። የወረዳው ሰዎች አባባን ገደሉት» አለችና ሳቀች።

ምንም አልገባኝም። የያዘችውን ብሮሸር ዘረጋችልኝ። መሃሉን፣ የሆራው ፎቶ ያለበትን። «ሟቹ ይላል። በል አንብበው! ትናንት ጠዋት አጥር ተደግፎ የጎረቤት ጥጃ ሲሳደብ የነበረውን ሰው ሟቹ ይላል!»

«ኦቦ ሂርጳ… አሉ?»

«የት ይሄዳል? የሄደው ጥርሱ ብቻ ነው።»

ግንቡን ተደገፍኩ። እሷ ወሬዋን አላቆመችም። «እናቴ በ2009 ስትሞትም ፈተና ይዞት ነው ያልመጣው ብሎ ጎረቤታችን ሞቱማ ነግሮናል፤ አልተቀየምንህም። አባባማ 'የማስተማር ሥራ ከባድ ነው' ሲል ነበር።»

የሞተችው አዴ ዱሬቲ ናት። አዴ ዱሬቲ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ እኔ ዛሬ በትምህርት ቤት በር ላይ ሰማሁ። ነፍስ ይማር ማለት እንኳ አልቻልኩም፤ ብል እንዳላወቅኩ ይታወቃል።

የመጣችበትን ነገረችኝ። መጋቢት 28 ሆራው ታጥሮ ለዘጠኝ ሰው ኮሚቴ ይሰጣል። የወረዳው ደብዳቤ «አባ ሆራው በሞት ስለተለዩና ተተኪ ስለሌላቸው» ይላል። ከዘጠኙ ተራውን የሚያውቅ አንድም የለም። አንዴ ከተረከቡ አባ ሆራ የሚባል ነገር አበቃ። ቢሮ ሄዳ አባቴ በሕይወት አለ ብትል «በጽሑፍ አምጪ» አሏት።

«አባትሽን ለምን ይዘሽ አትሄጂም?»

«እንቢ አለ። 'አለሁ ለማለት ቢሮ አልሄድም' አለ። ሰውየውን ታውቀዋለህ። አንተ ግን የተማርክ ነህ፣ ኮምፒውተር ታውቃለህ፤ አንተ ብትነግራቸው ይሰሙሃል።»

እነግራቸዋለሁ አልኳት። በጨርቅ የቋጠረችውን ቆሎ ሰጠችኝ። ብሮሸሩን ስትጠቀልል ቀና ብላ ትክ ብላ አየችኝ፤ ፀሐይ ፊቴ ላይ ስለነበረ ይሆናል። ስሜ በጀርባው ላይ እንዳለ አላየችም፤ መሃሉን ብቻ ነው ገልጣ ያሳየችኝ።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

ነገሩን እንደገና አሰብኩት። በ2009፣ ሐዘኑ የደረሰ ሰሞን፣ እጃጂ ከተማ ነበርኩ፣ ለአንድ ሠርግ። ሞቱማ መኪና አቁሞ፣ «ኦቦ ሂርጳ ቤት ለቅሶ ነው፣ አንሄድም?» አለኝ። ፈተና አለብኝ አልኩት። ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ መሄድ ግድ ይሆንብኝ ነበር። ስንት ዓመት ጠፍቶ የኖረ ሰው ለቅሶ ላይ እንዴት ብቅ ይላል? «ዛሬ ገና መጣህ?» የሚለኝ ሰው ሁሉ ፊቱ ታየኝ። ከዚያ መንገድ ላይ «ሂርጳ ቤት» የሚለው በራሱ ጊዜ «ሂርጳ» ሆነ፤ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ እንደዚያ ሆኖ ኖረ።

ሌላም አለ። ሠርጉ ሰኔ 25 ነበር። ፈተናው ሰኔ 20 አልቋል።

አዴ ዱሬቲ ከትምህርት ቤት ዘግይቼ ስመጣ የእኔን ድርሻ በሰፌድ ከድና ታቆይልኝ ነበር። ያለችኝን አንዲት ዩኒፎርም ቅዳሜ ቅዳሜ ታጥባልኝ እሷው ምድጃ አጠገብ ታደርቅልኝ ነበር። ይህን በኢንሳይክሎፔዲያው ላይ አልጻፍኩም። ስለ እሷ አንድ ቃል የለም።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። በራሴ ስልክ ብገባ «ወሰኑ መምህሩ» መሆኔ ይታያል። ያለ ስም ገብቼ «ሟቹ» የሚለውን አጠፋሁ፣ «ካረፉ ወዲህ» የሚለውንም። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ኳስ ውጤት ታያለች፤ እኔ ሰው አስነሣሁ።

አርባ ደቂቃ አልሞላም፣ ሚዛን መለሰው። «በሁለት ምንጭ የተደገፈ መረጃ ያለ ምንጭ አይለወጥም። ግለሰቡ በሕይወት ስለመኖራቸው የታተመ ማስረጃ ካለዎት ያቅርቡ።» ሁለት ምንጭ? ከታች አየሁ። አንደኛው የእኔ ገጽ 14 ነው። ሁለተኛው የወረዳው ብሮሸር፣ ከእኔ የተቀዳው።

ሚዛን ጨዋ ሰው ነው። ሥራውን ነው የሚሠራው።

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ

የወር ፈተና ማረም። ሲንቄ ሁለት ጊዜ ደወለች። አላነሣሁም። ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አንዱን ጊዜ።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ቶኩማ። ድምፁ ልክ አይደለም።

«ቲቸር፣ ኃላፊዬ ብሮሸሩ ላይ ያለውን ከየት አመጣህ እያለኝ ነው። ሰውየው አሉ የሚሉ ሰዎች መጥተዋል። መጽሔቷን ካሳየሁ እድናለሁ፣ ካላሳየሁ ማስጠንቀቂያ ይጽፍብኛል።»

«እየፈለግኩ ነው።»

«እኔ ሄጄ ቤታቸውን ላንኳኳ አስቤ ነበር እኮ። ከቢሮ ሃያ ደቂቃ ነው። ግን ቲቸር ከጻፉት ብዬ…»

አልጨረሰውም። እኔም አልጨረስኩለትም። ፈትለወርቅ ስልኩን ስዘጋ አጠገቤ ነበረች። «ምን አጥፍተህ ነው?» አለችኝ። ምንም አልኳት። «ምንም ያላጠፋ ሰው እንዲህ አይጠቁርም» አለች። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝ ይሻል ነበር።

መጋቢት 19፣ ሐሙስ

ሲንቄ በሌላ ሰው ስልክ ደወለች፤ የማን ቁጥር እንደሆነ ስላላወቅኩ አነሣሁት። ኮሚቴው ከወዲሁ ተራ አውጥቶ በወረቀት ለጥፏል። ሁለት መንደር በአንድ ቀን። ትናንት ሁለቱም ወረዱ። ሦስት መቶ ከብት በአንዲት መውረጃ፤ አንድ በሬ እግሩ ተሰበረ፣ ባለቤቶቹ በዱላ ተማቱ፣ አንዱ ሰውዬ ጌዶ ሆስፒታል ተኝቷል።

«አባባ ጩኸቱን ከደጅ ሆኖ ይሰማ ነበር» አለች። «ሰው የሚጠራው መስሎት ከዘራውን ይዞ ተነሣ። እስኪመሽ ቆሞ ጠበቀ። የጠራው የለም።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ወሰኑ፣ ነግረሃቸዋል?»

«በሂደት ላይ ነው» አልኳት። በሂደት ላይ! እንደ ቢሮ ሰው።

«እሺ» አለች። «አባባ ይጠይቅሃል። 'ወሰኑ ከመጣ ይቺን ወረቀት እሱ ያንብብልኝ' ብሏል። የእኔ ንባብ አይጥመውም።»

እኔ ነኝ የበሬውን እግር የሰበርኩት? አይደለም። ሰውየውንስ የመታሁት? ይህን እየጻፍኩ ራሴን ሳየው፣ ተማሪ ሲኮርጅ ይዤው «እኔ እኮ አልኮረጅኩም፣ ወረቀቱ ነው የተገለጠው» ሲለኝ የምሰማ ነው የመሰለኝ።

እሑድ እሄዳለሁ።

መጋቢት 23፣ ሰኞ፣ ቡርቃ ከተማ

ትናንት ሄድኩ። ይህን የምጽፈው ከወረዳው ቢሮ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ተቀምጬ ነው፤ እስኪከፈት ጊዜ አለኝ። እንዳለ ልጽፈው።

እስከ ጌዶ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ። ባጃጁ ሆራው ጋ አወረደኝ። አጥሩ አልቋል፣ አዲስ ብረት ነው፤ ቁልፉ ተንጠልጥሏል። ቤቱ ድሮ ሣር ነበር፣ አሁን ቆርቆሮ ሆኗል። ኦቦ ሂርጳ ደጅ ላይ በርጩማ ተቀምጠዋል። አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል። ገና ከሩቅ፣ «ያ የሚመጣው የድሬሰሩ ልጅ ነው፤ ከድሮም አካሄዱ እንደ ዳክዬ ነው» ሲሉ ሰማሁ።

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «አካም ጂርቱ ኦቦ ሂርጳ?»

«ጂራ» አሉኝ። አለሁ።

ሲንቄ በርጩማ አመጣችልኝ፤ እርጎ አቀረበችልኝ፤ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ቶሌራ ደህና ነው አሉኝ። ስለ አዴ ዱሬቲ አንድም ነገር አላነሡም፤ እኔም። የእሷ በርጩማ እዚያው ግድግዳው ሥር ነበር፣ ማንም አልተቀመጠበትም።

ከዚያ ብሮሸሩን ከኪሳቸው አወጡ። አራት ቦታ ታጥፎ አልቋል። ጭናቸው ላይ ዘረጉትና አውራ ጣታቸውን የመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀመጡ።

«እስቲ እንደ ድሮህ» አሉኝ።

ማንበብ ጀመርኩ፤ በአማርኛ እያየሁ በኦሮምኛ። ስለ ውሃው ሳነብ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ሃያ ሦስቱ መንደሮች ሳነብ «ልክ ነው» አሉ። ሐዘን የገባበት መንደር ተራው አይቃጠልም የሚለው ላይ ስደርስ ሲንቄን ዞር ብለው አዩዋት። አውራ ጣታቸው በየመስመሩ ዝቅ ይላል። ሰባተኛው መስመር ላይ ደረስኩ። «የመጨረሻው አባ ሆራ ኦቦ ሂርጳ ነገራ ናቸው» አልኩና ወደ ታች ወረድኩ፤ ስለ አጥሩ ወደሚለው። ድምፄ እንኳ አልተለወጠም። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፤ ውሸት ለምጃለሁ።

አውራ ጣታቸው ሰባተኛው መስመር ላይ ቀረ።

«ይቺ ቀረች» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። ሟቹ። ካረፉ ወዲህ። ቦታቸውን የተካ የለም። በኦሮምኛ ስለው ደግሞ ከአማርኛው ይብስ ነበር።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«እሺ» አሉ። ብሮሸሩን ገለበጡትና በጀርባው ስሜ የተጻፈበትን መስመር በአውራ ጣታቸው ነኩት። «ሲንቄ ይቺን ያመጣች ዕለት ነው ያነበበችልኝ። አምቦ ድረስ የላክኋት ራስህ እንድትነግረኝ ነው። እንደ ድሮህ ታነባለህ ብዬ።»

ሲንቄ መሬት መሬት ታያለች። ያን ቀን ትክ ብላ ያየችኝ ከፀሐዩ አልነበረም።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አሉ ኦቦ ሂርጳ። እንደ ዳኛ አይደለም፤ እንደ ሰው ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። «ሞቻለሁ ካልክ፣ ታዲያ ለቅሶዬን ለምን አልመጣህም?»

ፈተና ነበር ልል አፌን ከፈትኩ፣ ግን አልወጣልኝም። ማልቀስ ጀመርኩ፤ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፣ ጎረቤት ሰምቶ ማን ሞተ ብሎ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ለዱሬቲ ነው» አሉት ኦቦ ሂርጳ። «የዱሬቲ ልጅ ነው፣ ዘግይቶ ደረሰ።» ከዚያ ወደ እኔ፣ «አልቅስ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ተራው አይቃጠልበትም» አሉኝ። ጎረቤቱ አጥሩን ዞሮ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሌሎችም መጡ። እንግዳ እንደሚያጽናኑ አጽናኑኝ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ላጠፋ ሰው ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢሮው ተከፈተ።

መጋቢት 24፣ ማክሰኞ

ትናንት ለኃላፊው ነገርኩት። ቶኩማ ባለበት ነው። መጽሔት የለም፣ ገጽ 14 የለም፣ ከራሴ ነው የፈጠርኩት፤ ኦቦ ሂርጳ በሕይወት አሉ፣ እሑድ ከእሳቸው ጋር እርጎ ጠጥቻለሁ አልኩ። ኃላፊው «መምህር አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። በጽሑፍ አድርገው አለኝ፤ ጽፌ ፈረምኩ። ማስጠንቀቂያው ከቶኩማ ፋይል እንዲወጣ ለመንኩ፤ እናያለን አለ።

ቶኩማ እስከ ደጅ ሸኘኝ። ሲሸኘኝ ቲቸር አላለኝም፤ ወሰኑ ነው ያለኝ። ደህና ግባ አለኝ።

ማታ ለፈትለወርቅ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። «ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን ማን ሞተ ብለህ አልጠየቅክም?» አለች። ከዚያ አዴ ዱሬቲ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ጠየቀችኝ፤ ስለ ዩኒፎርሜ ስነግራት ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

በውይይት ገጹ ላይ በራሴ ስም ጻፍኩ፦ «ይህን ክፍል የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጠቀስኩት መጽሔት የለም። ብሮሸሩም ከእኔ የተቀዳ ነው። ሰውዬው በሕይወት አሉ፤ ለቅሶአቸውን ሳልደርስ ነው ሞቱ ያልኩት።» ሚዛን የሆራውን ክፍል ከነሥሩ አነሣው። የእኔን ሌሎች ለውጦች ሁሉ እንደገና እንደሚፈትሽ ጻፈልኝ። ከፍታውንም፣ ዝናቡንም፣ ወንዙንም።

መጋቢት 29፣ እሑድ

ትናንት ርክክቡ ነበር። ኃላፊው ደብዳቤውን አስለውጦታል፤ ኮሚቴው ዐሥር ሰው ሆነ፣ ዐሥረኛው አባ ሆራው፤ ተራውን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ኦቦ ሂርጳን ሲንቄና እኔ ደግፈን አወረድናቸው። ከብት ሁሉ ዳገቱ ላይ ቆሟል። በሕዝቡ ፊት ማን እንደጻፈው መናገር ነበረብኝ፤ ተናገርኩ። የጮኸብኝ የለም። በሬው የተሰበረበት ሰውዬ ብቻ ከኋላ፣ «ለቅሶ ሳትደርስ ነው የጻፍከው?» አለ። አዎ አልኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ፤ ለእኔ አፍሮ ነው። ያ ነው የከበደኝ።

ኦቦ ሂርጳ በከዘራቸው ወደ አንድ መንደር ጠቆሙ፤ የመጀመሪያዎቹ ከብቶች ወረዱ። እስከ ቀትር ተራ አልተዛነፈም።

ስሰናበታቸው ስለ ሆራው የጻፍኩት ሁሉ ከኢንተርኔቱ እንደተነሣ ነገርኳቸው። ስምዎም የለም አልኳቸው። ምንም አልመሰላቸውም። እጄን ይዘው ቆዩ።

«ስሞት ሰው እልክብሃለሁ» አሉኝ። «ያን ጊዜ መጥተህ፣ አይተህ ጻፍ።»